የዓሣው ጉንጭ

«የዓሣውን ጉንጭ ግን ከእኔ በቀር ለማንም አትሰጥም ነበር» አለ የባጃጅ ሾፌሩ ሽመክት፣ የያዘውን ካርታ ደረቱ ላይ ለጥፎ።

ከአጠገቡ የተቀመጡት ጡረተኛው መምህር ጋሽ ሰይፈሥላሴ ሊቅሙት የነበረውን ንፍሮ መዳፋቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ። «ምን አልክ አንተ?»

«የነጭ ዓሣ ጉንጭ ነዋ፣ ጋሼ። ይቺ፤» የገዛ ጉንጩን በጣቱ ነካ። «ከዳቦው ሥር ደብቃ ታመጣልኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ‹ላንተ ብቻ ነው፣ ለማንም እንዳትናገር› ትለኛለች። አልተናገርኩም። ለሚስቴ እንኳ አልተናገርኩም። አሁን ማዘር ራሷ አፈር ከለበሰች ምን አለበት ብዬ ነው።»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ንፍሮውን ወደ ሳህኑ መለሱት። ከጎጃም በመምህርነት መጥተው አርባ ምንጭ ላይ ያረጁ፣ ከአፋቸው ቃል በመከራ የሚወጣ ሰው ናቸው። «እኔንም እንደዚያው ነበር የምትለኝ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ የተታለለ ሰው ቅሬታ ነበረበት።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ በዓሣ ቤቷ ባለቤት በዘርፈሽ ለቅሶ ድንኳን ግን ብቅልም አላስፈለገም። መጀመሪያ የባንኩ ጥበቃ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጥሎ ከዶርዜ ጋቢ እያወረደ የሚሸጠው ዳምጤ «እኔም እኮ…» ብሎ ጀመረና ሳይጨርስ ተወው። ከሴቶቹ በኩል ነርሷ አመለወርቅ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ «ወይ እትዬ ዘርፈሽ» አለች፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየለትም። ሁሉም እየተያዩ፣ ሁሉም ቅር እየተሰኙ፣ አንዲት ሴት ሳይተዋወቁ ያገቡ ባሎች መስለው ተቀመጡ።

ከድንኳኑ ጥግ ፍራሽ ላይ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የተቀመጠችው የሟች ልጅ እድላዊት ይህን ሁሉ ሰማች። ከቀብር ከተመለሱ ወዲህ እህል ባፏ አልዞረም። «ኧረ አፍሽ ላይ ጣል አድርጊ» ያላላት ሰው የለም፤ ጉሮሮዋ እምቢ ብሏል። አሁን ደግሞ የባሰ ነገር መጣባት። ያ ጉንጭ የእሷ ነበር።

የዘርፈሽ ዓሣ ቤት ሲቀላ ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ታፔላ የለውም፤ ሽታው ይበቃዋል። የምግብ ዝርዝርም የለውም። አዲስ ሰው ገብቶ «ምን አላችሁ?» ሲል ዘርፈሽ ወገቧን ይዛ «ዓሣ ቤት ገብተህ ምን እንዲኖረን ፈለግህ?» ትለዋለች። ጥብስ አለ፣ ለብለብ አለ፣ ዳቦና የሚያቃጥለው ዳጣ አለ፤ በቃ። ዘገየብኝ ብሎ የሚያጉረመርመውን «ሐይቁ ያውልህ፣ ሂድና ጎትተህ አምጣ» ትላለች። ሳይበላ የተረፈ ሳህን ካየች ደግሞ ባለቤቱን በር ላይ ትይዘውና «ምን አጠፋሁብህ?» እያለች ታፋጥጠዋለች። ስለ መስተንግዶዋ ያላማረረ ደንበኛ አልነበረም። አማርሮ የቀረም አልነበረም፤ ምክንያቱን ቢጠየቁ ዳጣውን ያመሰግናሉ እንጂ ሌላ ቃል አይወጣቸውም።

እድላዊት ያደገችው በዚያ ጢስና ጫጫታ ውስጥ ነው። አባቷ ገና ሕፃን ሳለች ሞተ። ሰዎች እናቷን «የሁሉ እናት» ሲሏት ለልጅቷም ምርቃት ይመስላቸዋል፤ የእንዲህ ያለች እናት ልጅ መሆን ምን እንደሆነ ግን የጠየቃት የለም። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ የምትመጣው ወጥ ቤት የምትሠራው ቲጂ ነበረች። ዘርፈሽ የልጇን የቤት ሥራ የምታየው አንድ ዓይኗን በሩ ላይ ጥላ ነው። ማታ ተኝታም በእንቅልፍ ልቧ ከደንበኛ ጋር ትከራከራለች።

ከዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ የልጅቷ ብቻ የሆነ አንድ ነገር ነበር። ዘርፈሽ ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ ትጠራትና በትንሽ የሸክላ ሳህን ሁለት ቁራጭ ይዛ ጎንበስ ትላለች። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ዳር ዳሩን ዘይት ያጠየመው የዓሣ ጉንጭ። «ላንቺ ብቻ ነው። ለማንም እንዳትናገሪ።» በዚያች ቅጽበት ቤቱ ሙሉ ሰው ቢጣራ እናቷ ዞር አትልም፤ በልታ እስክትጨርስ ፊት ፊቷን እያየች ትቆማለች። እድላዊት አድጋ ሶዶ ሥራ ከያዘች በኋላ እንኳ፣ ለበዓል ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ መጋረጃው ነበር የምትሄደው። የምትሄደው ለዓሣው ብላ አልነበረም።

«እስቲ ቆይ» አለ ሽመክት። ነገሩ አልተወውም። «ጋሼ፣ አንድ ዓሣ ስንት ጉንጭ አለው?»

«ተው አንተ ልጅ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።»

«ስንት አለው?»

«ሁለት ነዋ። ስንት ሊኖረው ኖሯል?»

«ማዘር በቀን የምትገዛው ዓሣ እኮ እፍኝ አይሞላም። እኔ ነኝ በባጃጅ የማመጣላት። እዚህ ድንኳን ውስጥ ብቻ…» ሊቆጥር ጣቱን አንስቶ ወንበሮቹን አየ፤ መሃል ላይ ሲደርስ እጁን አወረደ። ፊቱ ላይ የነበረው ጨዋታ ጠፋ።

ከኦቾሎ የወረዱ አንዲት አሮጊት አማተቡ። «ሁለት ዓሣ» አሉ ለራሳቸው። «አምስት እንጀራና ሁለት ዓሣ።» በሌላ ቀን ቢሆን ሽመክት አይምራቸውም ነበር።

ከድንኳኑ በር ላይ ቆሞ የነበረው ዓሣ አጥማጁ ካሱ «ተአምር አይደለም» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየው አፈረና ባርኔጣውን አወለቀ። «ማለቴ… ጭንቅላቱ ነው። ጠዋት ጠዋት ጫሞ ዳር ፊሌቶ የሚያወጡት ልጆች ሥጋውን ገፈው ለአዲስ አበባ ይጭናሉ። ጭንቅላቱን ይጥሉታል፤ ያ ትልቁ አሞራ አባ ኮዳ ነው የሚበላው። እትዬ ዘርፈሽ ገና ጎህ ሳይቀድ ጆንያ ይዛ ትመጣለች። ከአባ ኮዳዎቹ መሃል ገብታ ትሻማለች። እኛ እንስቅባት ነበር። ‹ዓሣ ግማቱ ከአናቱ፤ ምን ያደርግልሻል?› ስንላት ‹ለድመቶቼ ነው› ትለናለች።»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ወደ ፍራሹ ዞሩ። «ድመት ነበራት እንዴ፣ ልጄ?»

«ድመት አትወድም» አለች እድላዊት። ከቀብሩ ወዲህ ከሰው መሃል የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

አባ ኮዳን በቅርብ ያየ ሰው ያውቀዋል። ቆሞ የሰው ደረት ይደርሳል፤ መንቁሩ አንድ ክንድ ነው፤ ለማንም መንገድ አይለቅም። ያቺ አጭር ሴት፣ ለደንበኛ አንድ ደግ ቃል የምትሰስተው ሴት፣ በየማለዳው ከእነዚያ ወፎች ጋር እየተጋፋች ጭንቅላት ስትለቅም በሁሉም ዓይን ላይ መጣች። እድላዊት የእናቷን እጆች አስታወሰች፤ ሁልጊዜ ጭረት አያጣቸውም ነበር። «ምንድነው ይሄ?» ብላ ስትጠይቃት «ሥራ ነው» ትላት ነበር። ሳትታመም፣ ሳትተኛ፣ እንደ ልማዷ በማለዳ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ነው የወደቀችው። ጆንያው እጇ ላይ ነበር።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ዳምጤ ተነሣ፣ የባንኩ ጥበቃ ተነሣ፣ ካርታ ተጫዋቾቹ ካርታቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ቄስ አልገባ፣ አስከሬን አልወጣ፤ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ግን ባዶውን መሬት እያየ ቆመ። ንፍሮ የያዙት ሴቶች እንኳ ሳህናቸውን ይዘው ባሉበት ደረቁ።

እድላዊት ብቻ አልተነሣችም። እናቷ በሰው ዓይን ከፍ ባለች ቁጥር የእሷ ድርሻ ሲያንስ ተሰማት። ኮራች፤ ደግሞም ቀናች። ለእሷ ብቻ የተባለው ቃል ለባጃጅ ሾፌሩም ለጋቢ ነጋዴውም ከተባለ፣ እሷ ማን ነበረች? ከደንበኞቹ አንዷ። ይህን ለማን ትናገራለች? በእናት ሞት መሃል እንዲህ ያለ ቅናት ለሰው አይነገርም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና በዚያው አለቀሰች፤ ሰዎቹም ለእናቷ ያለቀሰች መሰላቸው።

በሰልስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ካሱን ጓሮ በር ላይ ቆሞ አገኙት። እርጥብ ጆንያ ይዟል። «ልጆቹ ሊጥሉት ሲሉ ተቀብያቸው… ከያዝኩት በኋላ የት እንደምወስደው ጠፋኝ» አለ። ከዓሣ ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሽታውን ተከትሎ የመጣ አንድ አባ ኮዳ አንገቱን ቀብሮ ቆሟል። ሽመክት ቀና ብሎ አየውና «ባላንጣዋ እንኳ ለቅሶ ደረሰ» አለ፤ ድምፁ ግን መሃል ላይ ተሰበረበት። ቲጂ ጆንያውን ተቀብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ቲጂ ከገረሴ በልጅነቷ ወርዳ፣ ከዘርፈሽ ጋር አብራ ያረጀች ሴት ናት። ከቀብሩ ጀምሮ ቁጭ አላለችም፤ ሻይ ትቀዳለች፣ ሳህን ታጥባለች፣ ለለቅሶኛው ወንበር ታቀብላለች። ሰው ሁሉ እድላዊትን «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ለቲጂ ባዶ ብርጭቆውን ያቀብላታል።

እድላዊት ከድንኳኑ ተነሥታ ተከተለቻት። መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ ቲጂ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በቢላዋ ጫፍ ጉንጩን እየፈለቀቀች ነው። ዘይቱ እሳት ላይ ነበር።

«ቲጂ፣ አንቺ ታውቂ ነበር?»

«የምጠብሰው እኔ አይደለሁ? እንዴት አላውቅ?»

«ለሁሉም ነበር የምትሰጠው?»

«ለሁሉም አይደለም።» ቲጂ ቁራጮቹን ዘይቱ ላይ ጣል አደረገቻቸው፤ ተንጫጩ። «አዝዞ የማይበላ ሰው አለ አይደል? ሳህኑን እያየ ቁጭ የሚል። ለእሱ ነው። ሳህኑ ለምን እንደተረፈ የምትጨቀጭቀው ለሌላ መሰለሽ? ጋሼ ሰይፈሥላሴ ሚስታቸው የሞቱ ጊዜ ዳቦ እየቆረሱ ኪሳቸው ይከቱ ነበር፤ የበሉ ለመምሰል። ሽመክት ወንድሙን የቀበረ ሰሞን እንዲሁ። ያን ጊዜ ትሰጣቸዋለች። በኋላ ሐዘናቸው ቢበርድም ማቆም አትችልበትም፤ ይቀርባቸዋል ትላለች።»

«እና እኔስ?» እድላዊት ድምፅዋ እንደ ሕፃን ቀጠነባት። «እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝ?»

ቲጂ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አንቺማ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

«የምን?»

«አባትሽ የሞተ ጊዜ እህል እምቢ አልሽ። ጨቅላ ነበርሽ፣ አታስታውሺውም። ወተት ሰጠችሽ፣ እንቁላል ሰጠችሽ፤ ለመነችሽ፣ ተቆጣችሽ፣ አለቀሰች። ክንድሽ እንጨት አክሎ ነበር። አንድ ቀን የሚጣል ጭንቅላት ላይ ይቺን አየችና ፈልቅቃ ጠበሰቻት። እዚሁ መጋረጃ ጀርባ ወስዳ በጆሮሽ ‹ላንቺ ብቻ ነው፣ ለማንም እንዳትናገሪ› አለችሽ። ምስጢር ሲሆንብሽ ጊዜ ሳቅሽ። በላሽ። እሷ እግሯ ከዳትና እዚህ፣ አንቺ የቆምሽበት ቦታ፣ መሬት ላይ ዘጭ አለች።» ቲጂ ቁራጮቹን በጭልፋ ገለበጠች። «ከዚያ ወዲያ የምትለው አንድ ነገር ነው። ‹ልጄን ካስበላ ማንንም ያስበላል።›»

እድላዊት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከመጋረጃው ማዶ የድንኳኑ ድምፅ ይሰማል፤ የጋሽ ሰይፈሥላሴ ሳል፣ የሽመክት፣ የዳምጤ፣ የአመለወርቅ ድምፅ። ያ ሁሉ ሰው፣ የየራሱ ምስጢር እየመሰለው፣ ለአንዲት ሕፃን ከተዘጋጀ ሳህን ሲበላ ኖሯል። እናቷ የእሷን ድርሻ አልቀነሰችባትም። ወደ ሐይቁ ወርዳ፣ ከአሞራ ተሻምታ፣ አበዛችው እንጂ። እናቷ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ፣ መሬቱ ላይ፣ ቁጭ አለች።

«እሷስ? በልታው ታውቃለች?»

«ጉንጩን? እኔ አላየሁም። አጥንቱን ቀቅለን መረቁን ነበር የምንጠጣው፣ እኔና እሷ።»

«አንቺስ?»

ቲጂ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እኔ ጠባሽ ነኝ እንጂ ደንበኛ ነኝ እንዴ?»

ሁለቱን ጉንጮች በትንሿ የሸክላ ሳህን አውጥታ እድላዊት ፊት አቀረበች። ከዚያ እንደ ወጉ ጎንበስ አለች፤ ቃሉን ልትል ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። አልወጣላትም።

እድላዊት አንዱን አንስታ በላች። ትኩስ ነበር፤ ጨው በዝቶበታል። ጉሮሮዋ እምቢ አላለም። ሁለተኛውን አነሣችና፣ እንዳይንጠባጠብ ግራ እጇን ከሥሩ አድርጋ፣ ወደ ቲጂ አፍ ወሰደችው።

«ኧረ እኔ…» አለች ቲጂ ፊቷን እያዞረች።

እድላዊት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ላንቺ ብቻ ነው» አለቻት። «ለማንም እንዳትናገሪ።»

ቲጂ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች።