የደነደነ ልብ

«ያ ሰውዬ ሄደ?» አሉ አማትየዋ፣ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳይመልሱ።

«አልሄደም እማዬ። ደረጃው ላይ ተቀምጧል» አለች ምራታቸው።

«ይቀመጥ። የሚያስነሳው የለም።»

«ያ ሰውዬ» የሚሉት የገዛ ልጃቸውን ነው፤ የመጨረሻውን። ታላቅየው ከተቀበረ ወዲህ በስሙ ጠርተውት አያውቁም። ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣ ሰው ወደ ፎቁ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ጉልበቱን ሰብስቦ ያሳልፋል፤ አንዳንዱ ትከሻውን ነካ አድርጎት ያልፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ እንዳላየ ይሆናል።

ምራትየዋ፣ የሟቹ ሚስት፣ ባዶ ብርጭቆዎች ሰብስባ ወደ ማድ ቤት አመራች። በሩ ላይ ስትደርስ ውስጥ የሁለት ጎረቤቶች ድምፅ ሰምታ ቆመች።

«ንዴት ነው ይላሉ የገደለው።»

«ወንድምየው ነዋ! መንገዱ ሁሉ ሰምቶ የለ እንዴ ሲጯጯሁ።»

«እንደ ብረት የጠነከረ ሰው እኮ ነበር። የኛን ፍሪጅ ብቻውን አይደል ያወጣልን?»

ስትገባ አንደኛዋ ቧንቧውን ከፈተች።

ባሏ የአሳንሰር ጠጋኝ ነበር። ታናሹን ገና ጎረምሳ ሳለ ወስዶ ሙያውን ያስተማረው እሱ ነው፤ ወርክሾፑንም አብረው ይሠሩበት ነበር። በመጨረሻው ቀን ታናሽየው «ጋሼ፣ ራሴን ልቻል፤ የራሴን ልክፈት» አለው። ታላቅየው ጠረጴዛውን በቡጢ መታ፤ ያልተባባሉት ነገር አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሕንፃ አሳንሰሩ ቆሞበት ተጠራና ሞተሩ ያለበትን ክፍል ሊያይ በእግሩ እስከ ጣራ ወጣ። በሩ ሥር ወድቆ ተገኘ።

ሴትየዋ ፀጉር ቤት አላት፤ የሰውን አንገትና ጆሮ ሲያዩ መዋል ዓይንን ያሠለጥናል። ባሏ በደረጃ ወደ ቤታቸው ሲወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆም ማለት የጀመረው መቼ እንደሆነ ታስታውሳለች። «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው «አሳንሰሩን እየሰማሁት ነው፤ ገመዱ ቅባት ይፈልጋል» ይላታል። እየሰማ አልነበረም፣ ትንፋሽ እየሰበሰበ ነው። ማታ ደግሞ ትራስ በትራስ ላይ ደርቦ ካልሆነ አይተኛም።

አንዴ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ሳይነቀል ተመለሰ። ደም ግፊቱን ሲለኩት ሐኪሙ ደንግጦ መንቀሉን እምቢ አለው።

«እኔን ያመመኝ ጥርሴ ነው፤ ክንዴን ምን አገባው?» እያለ ሰፈሩን ሁሉ አሳቀ። መድኃኒቱን ትንሽ ጊዜ ዋጠ። ከዚያ ተወው።

«ለምን ተውከው?»

«ምንም ሳያመኝ ምኑን ልታከም?»

ጨው ላይ ሲሆንማ የባሰ ነው። ምግቡን ሳይቀምስ ይነሰንሳል። እሷ የጨው ዕቃውን ደበቀችበት፤ እሱ ሌላ ገዛ። ተጣሉ፣ ታረቁ፣ ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ሥራ ላይ በድንገት ስለሞተ አስከሬኑ ተመርምሮ ነበር። እንግዳው ሳሳ ባለ ቀን ውጤቱን እንድትሰማ ተጠራች። የመረመረችው ሐኪም በዕድሜ የገፋች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት።

«ልቡ ከሚገባው በላይ ከብዷል» አለቻት፣ «ወደ እጥፍ ይጠጋል።»

«ልቡማ ትልቅ ነበር» አለች። ወዲያው በራሷ አነጋገር አፈረች።

ሐኪሟ አልሳቀችም። «ክንድ ሸክም ሲበዛበት ይወፍራል፤ ያ ጉልበት ነው። ልብም ደም ግፊት ሲበዛበት ይወፍራል፤ ግን ወደ ውስጥ ስለሚወፍር ደም የሚይዘው ቦታ ይጠባል። ጡንቻው ይደነድናል፤ እንደ ቀድሞው አይፍታታም። መሀል መሀሉ ላይ ጠባሳ ይሠራል። ልብን የሚያስመታው መልእክት ጠባሳው ጋ ሲደርስ መንገድ ይስታል። ያኔ ልብ ከመምታት ይልቅ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የሱ እንደዚያ የሆነ ይመስለኛል።»

«ማታውን ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ነበር። ሰው ሁሉ...» አልጨረሰችውም።

«ንዴት ምንም አያደርግም ብዬ አልዋሽሽም። ግን ደረጃውም ሊያደርገው ይችል ነበር። ተኝቶ እያለም ሊሆን ይችል ነበር። ይሄ ጡንቻ በአንድ ምሽት አልወፈረም። የኩላሊቱ ደም ሥሮችም ጠበዋል። ዓመታት ነው፣ እህቴ። ወላጆቹ በሕይወት አሉ?»

«እናቱ አሉ። አባቱን እኔ አልደረስኩባቸውም።»

«ይሄ ነገር በቤተሰብ ይሄዳል። ወንድሙ ይመርመር። ሳያመው ይመርመር።»

ስትመለስ ታናሽየው እዚያው ደረጃው ላይ ነው። ሸሚዙ ተጨማዷል፣ ጢሙ አድጓል።

«ተነስ ግባ» አለችው።

«እትዬ፣ ተይኝ። እማዬን አታስቸግሪያት።»

«ተነስ አልኩህ!»

ተከትሏት ገባ፤ በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። እነዚያ ሁለት ጎረቤቶች ከአማትየዋ ጎን ተቀምጠዋል። ሴትየዋ ቁጭ አላለችም። ሐኪሟ የነገረቻትን ሁሉ በቆመችበት ነገረቻቸው፤ የልቡን ክብደት፣ ጠባሳውን፣ ኩላሊቱን።

«ሐኪም ምን ያውቃል» አሉ አማትየዋ። «እኔ የወለድኩትን አውቃለሁ። ጤነኛ ነበር። አናዶ የገደለውን ደግሞ እግዜር ያውቀዋል።»

«እማዬ፣ አባታቸው እንዴት ነው የሞቱት?»

አሮጊቷ ዞር ብለው አዩዋት። «እሱን ምን አመጣው?»

«እንዴት ነው የሞቱት?»

አንደኛዋ ጎረቤት ልትነሳ ብላ መልሳ ተቀመጠች።

«ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ» አሉ በመጨረሻ። «ቀና አላለም።»

«ያን ቀን ማን አናዷቸው ነበር?»

እጃቸው ቀሚሳቸውን ይጨብጥና ይለቅ ነበር።

«ማንም» አሉ። «ማንም አላናደደውም። የእህቱ ልጅ ሠርግ ልንሄድ ነበር። እያፏጨ ነበር።»

ከዚያ አለቀሱ። በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀሱም። ለየትኛው እንደሚያለቅሱ የጠየቃቸው የለም። ሲበርድላቸው ቀና አሉና በሩ ላይ የቆመውን አዩት።

«እሱስ?» አሉ ምራታቸውን። «እሱስ ታይቷል?»

«አልታየም።»

«ጫማዬን አምጡልኝ።»

ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፤ ቢሆንም አሮጊቷ እየቆሙ ስለሚሄዱ ቆዩ። ታናሽየው ከኋላ ከኋላ ነበር። ነርሷ ወንበር ላይ አስቀምጣ የግራ እጅጌውን እስከ ብብቱ ሰበሰበችለት። መለኪያውን ልትጠመጥም ስትል አልደርስ አላት።

«ኧረ ይሄ ክንድ!» አለች። «ቆይ፣ ትልቁን ላምጣ።»

ሴትየዋ ያንን ክንድ አየችው። አጥንቱም፣ ጸጉሩም፣ ክርኑ ላይ ያለው የዘይት ጥቁረት ሳይቀር የባሏ ነው። ወደ መስኮቱ ዞረች።

ነርሷ ለካች። ጥቂት ጠብቃ ደግማ ለካች።

«ስንት ነው?» አሉ አሮጊቷ።

«ከፍ ብሏል እማማ። በጣም ከፍ ብሏል። ዛሬውኑ ሐኪም ማየት አለበት። ግን ጥሩ ጊዜ ነው የመጣችሁት፤ በመድኃኒት ይወርዳል። ሳያቋርጥ ከዋጠ።»

«ይውጣል» አሉ አሮጊቷ። «እኔ እያየሁት ይውጣል።»

ነርሷ ሐኪሙን ልትጠራ ወጣች። ታናሽየው አንገቱን ደፍቶ ቀረ፤ እጅጌውን መመለስም ረስቶታል። አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ጠጋ አሉት። እጅጌውን ቀስ እያሉ እስከ አንጓው አወረዱለት። ቁልፉን ሊያስገቡ ሞከሩ፤ አልገባ አላቸው። ሴትየዋ ልታግዝ እጇን ዘረጋች።

«ተይ፣ እኔ ነኝ የምቆልፍለት» አሏት።

ሴትየዋ የእጅጌውን ጫፍ ወጠር አድርጋ ያዘችላቸው፤ እሳቸው እስኪቆልፉ።