ትንሽ ይጠብቁ

ጋሽ ዓባይነህን ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። የራሴን ፊት መስታወት ውስጥ ሳይ ግን ይብስብኛል።

ጋሽ ዓባይነህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ የኮምፒውተር ሱቅ ነበረው፤ ፕሮግራም የምጽፍለት እኔ ነበርኩ። በ2005 ክረምት አንድ የእርዳታ ድርጅት ሥራ ሰጠን። ዶካ የምትባለው ትንሽ ከተማ ክሊኒክ ያለችው ነርስ ሕመምተኛ ሲጠናባት ኮምፒውተሯ ላይ አንድ ቁልፍ ትጫናለች፤ መልእክቱ ገዳሪፍ ያለው የአምቡላንስ ቢሮ ይደርሳል፤ መኪና ይነሳል። ይኸው ነው።

መልእክቱ ካልደረሰ ግን ኮምፒውተሩ ምክንያቱን ይናገራል። «መስመሩ ተጨናንቋል» ካለ ትጠብቃለህ። «እንዲህ የሚባል አድራሻ የለም» ካለ እስከ ምጽአት ብትጠብቅ የሚመጣ ነገር የለም፤ ሌላ መላ ፈልግ ማለት ነው። መጀመሪያ የጻፍኩት ደህና ነበር። ስህተቱን በእኛ ቃል ጠቅልዬ ዋናውን ምክንያት ውስጡ ትቼው ነበር፦ «መኪና መጥራት አልተቻለም፤ ምክንያቱ፦ አድራሻው የለም።»

ጋሽ ዓባይነህ አየውና አማተበ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ምነው! ሴትዮዋን በድንጋጤ ልትገድላት ነው? በእኛ አገር መርዶ እንኳ እንዲህ አይነገርም። መጀመሪያ ‹ትንሽ አሞታል› ይባላል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ከዚያ ነው። ይሄን አውጣና ለስለስ ያለ ነገር ተካበት።»

«ምክንያቱን ካወጣሁት ምን እንደተበላሸ በምን ታውቃለች?»

«ትጠብቃለቻ! ኸላስ፣ በቃ።»

ልከራከረው እችል ነበር። ሰለቸኝ። ዋናውን ስህተት አውጥቼ ጣልኩና ለብልሽት ሁሉ አንድ መልስ ተካሁ፦ «ኔትወርክ ተጨናንቋል። ትንሽ ይጠብቁ።» አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

እህቴ ፋናዬ ዶካ ነበር ያገባችው። ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት ምጥ ይዟት ክሊኒክ ገባች፤ ስድስት ሰዓት ላይ ደም ይፈሳት ጀመር። ነርሷ ሰኪና ቁልፉን ተጫነች። የአምቡላንስ ቢሮው በዚያው ሳምንት ቤት ቀይሮ የኮምፒውተሩም አድራሻ ተለውጦ ነበር፤ ለእኛ የነገረን የለም። ሰኪና ያየችው «ትንሽ ይጠብቁ» የሚለውን ነው። ጠበቀች። ኔትወርክ ከሌለ ስልክም አይገባም ብላ አልደወለችም። የማሽላ ሎሪ ወደ ገዳሪፍ ሲያልፍ የፋናዬ ባል ሊያስቆመው ሮጠ። «ተው፣ በሎሪ እየተንገጫገጨች እንዴት ትሄዳለች? አምቡላንሱ አሁን ይመጣል» ብላ ሰኪና መለሰችው። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ አርባ ጊዜ ተጭናለች።

ለእኔ በማግስቱ ተደወለልኝ። «ፋናዬን ትንሽ አሟታል፣ ና» አሉኝ። እኔ ጅሉ ለሕፃኑ ልብስ ገዝቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ድንኳኑን ከመንገድ አየሁት። ልጁም አብሯት ተቀብሯል።

ለቀስተኛው ሁሉ ቀኗ ደርሶ ነው ይላል። እኔ ክሊኒክ ሄጄ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። አርባውም ሙከራ ተመዝግቧል፤ አርባውም ላይ ያለው የእኔ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ከፕሮግራሙ ያወጣሁትን መስመር መልሼ አስገባሁና ቁልፉን ተጫንኩ። «አድራሻው የለም» አለ፣ ወዲያው፣ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ ሳይቆይ። ሰኪና በሩ ላይ ቆማ «ወላሂ፣ ያንን ሎሪ ባላስቀረው ኖሮ» እያለች ታለቅሳለች። ኮምፒውተሩን አጠፋሁት።

ድንኳኑ ውስጥ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ጋረደው ልጄ፣ አንተ ይሄን ነገር ታውቃለህ። መኪናው ለምን ቀረ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጋሽ ዓባይነህም ለለቅሶ መጥቶ ጥግ ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል። አፌ ውስጥ እውነቱ ነበር፣ ማርያምን!

«ኔትወርክ ተጨናንቆ ነው፣ እማዬ» አልኳት።

አመነችኝ። ከዚያ ወዲህ የምትረግመው ሰኪናን ነው፤ ሎሪውን ያስቀረችው እሷ ናት እያለች።