ነገ እንሄዳለን

አማያና ባሏ ኢኛኪ ከስፔኗ ቢልባኦ ቻይና፣ ናንቻንግ ድረስ የመጡት የአራት ዓመቷን ዪንዪንን በማደጎ ሊወስዱ ነበር። ልጅቷን ያሳደገቻት፣ «ናይናይ» እያለች እንደ አያት የምትጠራት አንዲት መበለት ናት። በርክክቡ ዕለት ሴትዮዋ ልጅቷን አማያ ጭን ላይ አስቀምጣ ፊቷን ሳታዞር ወጣች። ዪንዪን በሩን እያየች ስታለቅስ ዋለች።

«ምንድን ነው የምትለው?» አለቻት አማያ አስተርጓሚዋን ወይዘሪት ታኦን።

«ናይናይ ጋ ውሰዱኝ ነው የምትለው።»

«‹ነገ› በቻይንኛ ምን ይባላል?»

ታኦ አመንትታ ነገረቻት። አማያ ቃሉን አፏ ውስጥ አመላልሳ ለልጅቷ አለቻት። ለቅሶው ቀጥ አለ።

ከዚያ ወዲያ ዪንዪን የሩዝ ገንፎዋን እየበላች «ናይናይ?» ስትል፣ አማያ «ነገ» ትላታለች። ልትተኛ ስትልም እንዲሁ። ኢኛኪን ነገሩ አልጣመውም።

«ተይ፤ ኋላ ምን ልትያት ነው?»

«አገራችን እንግባ እንጂ ትረሳዋለች።»

የመመለሻቸው ቀን ቤጂንግ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ዪንዪን ቦርሳዬን እኔው ካልያዝኩ ብላ እየዘለለች ትሄዳለች። ከሆቴሉ የተሰጣትን ብስኩት ሳትበላ ኪሷ ከታዋለች። ፓስፖርት የሚያየው መኮንን በቻይንኛ አንድ ነገር ቢጠይቃት ደረቷን ነፍታ መለሰችለት። ሰውየው ቀና ብሎ አማያን አያት።

«አያቷ ዘንድ እየወሰዳችኋት እንደሆነ ነው የምትነግረኝ» አለ በእንግሊዝኛ። «ብስኩቱንም ለእሳቸው ነው ያስቀመጠችው።»

አማያ ፊቷ ፍም መሰለ። መኮንኑ ፓስፖርቶቹን መለሰላቸው።

መሳፈሪያው ጋ አጠገባቸው የተቀመጠችው ማድሪድ ውስጥ ምግብ ቤት ያላት ቻይናዊት፣ ወይዘሮ ሎንግ ነበረች። አማያ ስፓኒሽ ስትናገር ሰምታ ጨዋታ ጀመረቻት፤ ዪንዪንም ናይናይ ዘንድ እየሄደች መሆኑን በቻይንኛ አጫወተቻት። አማያም ወደ ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ «እባክሽ፣ ‹አያትሽ ኋላ ትመጣለች› ብለሽ ንገሪልኝ» አለቻት።

«በዚህ ዕድሜዬ ሕፃን አላታልልም። እስካሁን ሲዋሻት የነበረው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እውነቱንም አንቺው ንገሪያት። ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርስልሻለሁ።»

አማያ ልጅቷ ፊት ተንበረከከች። «ዋሽቼሻለሁ» አለች። «ናይናይ ዘንድ አይደለም የምንሄደው። ሩቅ አገር ነው፤ እኛ ቤት። ነገም አንመለስም።»

ዪንዪን አላለቀሰችም። ወይዘሮ ሎንግን ብቻ እያየች አንድ ነገር ጠየቀች።

«ናይናይ ይህን ታውቃለች ወይ ነው የምትለው። ምሳ ሠርታ እየጠበቀችኝ እንዳይሆን ብላ ሰግታለች።»

«ታውቃለች» አለች አማያ።

ልጅቷ ተነስታ ሄዳ ኢኛኪ አጠገብ ተቀመጠች። አውሮፕላኑ ውስጥም አማያ እጇን ስትዘረጋላት የራሷን ከጀርባዋ ትደብቃለች። ቢልባኦ ከገቡ በኋላ ለብዙ ወራት አማያ «ባሕር ዳር እንሄዳለን» ብትላት፣ ዘወር ብላ ኢኛኪን ታያለች። እሱ ራሱን ካልነቀነቀ ጫማዋን አታደርግም። አማያ አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች እንጂ አንድም ቀን ተቆጥታት አታውቅም።

በሁለተኛው ዓመት ዕረፍታቸው ናንቻንግ ይዘዋት ሄዱ። ናይናይ በሩን ከፍታ ልጅቷን እቅፍ አድርጋ አስገባቻት፤ ኢኛኪም ተከተለ። አማያ ግን ደጃፉ ላይ ቆመች። ሴትዮዋ ተመልሳ ክንዷን ይዛ እስክታስገባት ድረስ መግባት አፍራ ነበር።