ጉድጓዱ ሳይተነፍስ

የልጅ ልጄ ትዝታ ከሳቀች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ጦርነቱ የመጣ ጊዜ ክረምቱን እኛ ጋ፣ ግራና መንደር ነበረች፤ አምስት ዓመቷ ነው። ወደ ደሴ በእግር ስንሸሽ ባለቤቴ የሺ መንገድ ላይ አረፈችብን። ስታርፍ እጇን ይዛ የነበረችው ይቺ ሕፃን ናት። ከዚያ ወዲያ ትበላለች፣ ትማራለች፣ ትታዘዛለች፤ ሳቅ ግን የለም። እኔም መርሳ ከተማ፣ ከአባቷ ከልጄ ከደጀንና ከምራቴ ከአልታየች ቤት ተጠግቼ፣ ሥራዬ እሷን ማሳቅ ሆነ። አልሆነልኝም።

ያሳቃት ፊልም ነው። አባቷ በላፕቶፑ ያመጣላት ካርቱን፤ አባት፣ እናትና ልጅ በጀልባ ተሳፍረው የተቀበረ ሀብት ፍለጋ የሚዞሩበት። መጨረሻ ላይ ዋሻ ያገኛሉ። ዋሻው በር ላይ ጢሙ እግሩ ድረስ የወረደ ሽማግሌ ዘበኛ አለ። «አትግቡ! አትግቡ!» እያለ ሲዘል በገዛ ጢሙ ተጠልፎ ይወድቃል። እነሱ በላዩ ተሻግረው ዘው ይላሉ፤ ወርቁ ቦግ ይላል። እዚያች ላይ ስትደርስ፣ ልጆቼ፣ ትዝታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ደጀን ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ። እኔም እንደዚያው።

«አባባ፣ እኛስ የተቀበረ ሀብት አለን?» አለችኝ።

የለንም ብላት ምን ነበረበት። «አለን እንጂ!» አልኳት።

ውሸት አልነበረም። የሸሸን ዕለት የሺ የብር ድሪዋንና የሠርጋችንን ፎቶ በቆርቆሮ ሣጥን አድርጋ፣ ማሽላ ወደምናስቀምጥበት ጉድጓድ አውርዳ እህሉ ላይ አኖረችው። ከዚያ በድንጋይ ከድና በጭቃ መረገችው። ስመለስ ቤቱ ፈርሶ፣ ግድግዳው ጉድጓዱ አጠገብ ተንዶ አገኘሁት። የእጇን ምርጊት ማፍረስ አልሆንልህ አለኝ፤ ተውኩት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አልታየች ውርጌሳ ለቅሶ ስትሄድ፣ እኛ ሦስታችን በባጃጅ ወደ ግራና ወጣን። ትዝታ ካርታ ሥላለች። ሥራም ደልድላናለች፤ ደጀን የጀልባው አለቃ፣ እሷ መንገድ መሪ፣ እኔ ሽማግሌው ዘበኛ።

«በል እንጂ አባባ፣ ጩህ!»

«አትግቡ!»

«እንደሱ አይደለም፣ እንደፈራ ሰው!»

«ኧረ በማርያም፣ አትግቡ!» ስል ባለባጃጁ ሳይቀር ሳቀ። «አባት፣ ፊልም ቢሠሩ ያዋጣዎታል» አለኝ።

«ጢም ብቻ ነው የጎደላቸው» ብሎ ደጀን ተረበኝ።

መንገዱን ሙሉ አስጮኸችኝ። በጮህኩ ቁጥር ትስቃለች፤ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ጮህኩላት።

ከባጃጅ ወርደን ወደ መንደራችን ስናቀና የድሮ ጎረቤቴ ሰይፈዲን ከማሳው ብቅ አለ።

«ሙላቱ! አንተ ነህ ወይ? አላህ በሕይወት አገናኘን!»

የኛን አገር ሰላምታ ታውቁታላችሁ። ደኅና ከረምክ፣ ልጆች ደኅና፣ ከብቱ ደኅና፣ ዝናቡስ እንዴት ያዛችሁ፤ በየመሐሉ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከሽሽቱ ወዲህ ያልተያየ ሰው ደግሞ አንዷንም ዘሎ አያልፍም። ስለ የሺ ሊያጽናናኝ ገና «አብሽር» ማለቱ ነበር። ደጀንና ትዝታ ዶማውን ይዘው ቀድመው ሮጡ።

የእህል ጉድጓድ ከርሞ ሲከፈት ወዲያው አይወረድበትም። ታፍኖ የከረመው አየር ሰው ይጥላል፤ እህሉ ረጥቦ ከሆነማ የባሰ ነው። ክዳኑ ተነሥቶ ግማሽ ቀን ይተነፍሳል። ከዚያ የተለኮሰ ጭድ በገመድ ይወርዳል፤ እሳቱ ከጠፋ ማንም አይገባም። በመንደራችን ይሄን የማያውቅ ገበሬ የለም። ደጀን ግን ከልጅነቱ ወልዲያ የተማረ፣ የቢሮ ሰው ነው፤ ጉድጓድ ከፍቶ አያውቅም። ቦታውን ነገርኩት፣ ክዳኑን ነገርኩት፤ ይሄንን አልነገርኩትም። ማን ያጣዋል ብዬ። ደግሞስ አብሬው አይደለሁ?

«አባባ! ክዳኑ ተነሣ!» አለች ትዝታ።

የሰይፈዲንን እጅ ለቅቄ «አትግቡ!» አልኩ። «ደጀን፣ አትግባ!»

ትዝታ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

«በማርያም፣ አትግባ!»

«ጎበዝ አባባ! አሁን ገና ቻሉበት!» አለ ደጀን።

የልጄ የመጨረሻ ቃሉ ይቺ ናት።

በሽምግልና እግሬ ሮጥኩ። ሰይፈዲን ፊቴን አይቶ በረረ። ሲደርስ ትዝታ አፋፉ ላይ ተቀምጣ እግሯን ወደ ውስጥ ሰዳለች። «አባዬ ተኛ፤ ልቀስቅሰው» ትላለች። በቀሚሷ ጎትቶ አወጣት። እጁን ነከሰችው። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያለ፣ እየነከሰችው አቅፏት ቆመ።

ስደርስ ደጀን ጉድጓዱ ውስጥ ሣጥኗን እንደታቀፈ በግንባሩ ተደፍቷል። ልወርድ ስል ሰይፈዲን ጋቢዬን ጨምድዶ ያዘኝ።

«ሁለት ልትሆኑ ነው? ሙላቱ፣ አንተ ታውቀው የለም?»

አውቀዋለሁ። ጭድ ለኩሰን አወረድን፤ ጠፋ። ደግመን አወረድን፤ ጠፋ። የመንደሩ ሰው በብርድ ልብስ እያራገበ አየር ሲያስገባ ፀሐይዋ አናት ላይ ደረሰች። ሲያወጡት ገላው ገና ይሞቅ ነበር።

ሣጥኑን እስከ ዛሬ አልከፈትነውም። አልታየች አልጋ ሥር ገፍታዋለች።

ከአርባው በኋላ ትዝታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ያን ቀን የምርህን ነበር?»

«የምሬን ነበር፣ ልጄ።»

«የምርህን ሲሆን እንዴት ነው የሚለየው?»



አሁን አሥር ዓመት ሆኗታል። ሻይ ሲቀዳላት «ያቃጥልሻል፣ አትንኪ» ካልኳት፣ እጇን እንደዘረጋች ትቆማለች። ቀዝቅዟል፣ ጠጪ እላታለሁ። ፊቴን ታየዋለች፤ አትነካውም።