ስልሳ አራተኛው ጭረት

የጫሪው ሥራ አዲስ ጊታር ማስረጀት ነው። ሌሎች አለስልሰው፣ ቫርኒሽ ቀብተው ያስረከቡትን ይጭራል፣ ይፍቃል፣ ያደበዝዛል፤ የሠላሳ ዓመት መከራ በሦስት ቀን ያሳየዋል።

አሁን የያዘው በዝነኛው የሮክ ተጫዋች፣ በነጎድጓድ፣ ስም የሚወጣውን ቤዝ ጊታር ነው። ነጎድጓድ አሮጌ ቤዙን ለናሙና ሲያመጣ፣ "ጭረቶቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። አንዲት ብትጎድል ወይም ብትተርፍ አልፈርምበትም" ብሏል። የጫሪው አለቃ ደግሞ ለብቻው ጠርታው፣ "እሱ ካልፈረመ ከነገ ጀምሮ እዚህ በር ላይ እንዳላይህ" አለችው።

ጭረቶቹ ስልሳ ሦስት ነበሩ። ሁሉንም ለክቶ ገለበጣቸው። እፎይ ብሎ አዲሱን ቤዝ አቅፎ ሲያነሣው ግን የቀበቶው ዘለበት የጊታሩን ጀርባ ጫረው። ስልሳ አራት።

የነጎድጓድ ቦት ጫማ ደረጃው ላይ ይሰማል። ጫሪው ጭረት መጨመር እንጂ መቀነስ አልተማረም። ስለዚህ የሚያውቀውን አደረገ፤ አሮጌውንም ቤዝ አቀፈና በዚያው ዘለበት፣ እዚያው ቦታ ላይ ጫረው።

ነጎድጓድ ሽበቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ መነጽሩን ሰክቶ ሁለቱን በጣቱ እየዳበሰ አስተያየ። ስልሳ አራተኛው ላይ ጣቱ ቆመ። የጫሪው ትንፋሽም አብሮ ቆመ።

"ይቺን..." ድምፁ ሰለለ። "ይቺን እንዴት አገኘሃት?"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ..."

"ዝም በል! የእናቴ ናት። ጊታሩን ልትነጥቀኝ ስትታገለኝ በቀለበቷ የጫረቻት። ለማንም አሳይቼ አላውቅም!"

"አላልኩዎትም ጋሼ?" አለች አለቃዋ መሐረብ እያቀበለችው። "የኛ ሰው ምንም አያመልጠውም።"

ነጎድጓድ እንባውን ጠርጎ ብዕር አነሣ። አየት አደረገና መልሶ አስቀመጠው።

"ያንተ ጭረት ግን ፈሪ ናት። እናቴን ብታውቃት እንዲህ በቀስታ አትጭርም ነበር። ጠለቅ አድርጋት።"

ጫሪው አፉን ከፈተ፤ በሩን አየ፤ አፉን ዘጋ። ቀስ ብሎ ቀበቶውን ፈታ።

"ምን ልትሆን ነው?"

"መሣሪያዬን ላወጣ ነው፣ ጋሼ።"

በአንድ እጁ ሱሪውን ይዞ በሌላው ዘለበቱን ጫን አድርጎ ሳበ።

"እሷው!" ነጎድጓድ ፈረመ። "እሷው ራሷ!"

"ልክ እንደዚህ አድርገህ ሦስት መቶ" አለች አለቃዋ፣ የሚቀጥለውን ጊታር እያቀበለችው።

ጫሪው ሱሪውን አልለቀቀም።