ያልለመለመው ብልቃጥ

ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሣ ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረች። ያው ነው። ምንም ብረት ያልተጨመረበት ብልቃጥ ውስጥ ያሉት አልጌዎች ከትናንት በስቲያ ከነበሩበት አንዲት እንኳ አልጨመሩም፤ ጥቂቶቹም ገርጥተዋል።

የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። በወንዝና በኩሬ የሚኖሩ፣ እያንዳንዳቸው አንዲት ሴል ብቻ የሆኑ አልጌዎችን ታሳድጋለች። ከብረት ዓይነቶች ለአንዱ ረድፍ እርሳስ፣ ለሌላው ዚንክ፣ ለሦስተኛው መዳብ በጠብታ ትጨምርና እድገታቸው ምን ያህል እንደተገታ በየቀኑ ትመዘግባለች። ብረት ያልነካው አራተኛው ረድፍ ማነጻጸሪያ ነው። እሱ ካልለመለመ የሌሎቹ መታመም ከብረቱ ይሁን ከሌላ በምን ይታወቃል?

ኃላፊዋ የአንድ ሳምንቱ ሥራ ገደል መግባቱን ሲሰማ ፊቱን አኮሳተረ። ብልቃጦቹን ደፍታ ሰኞ እንደ አዲስ እንድትጀምር፣ የብልሽት ቅጹንም “ምክንያቱ ያልታወቀ” ብላ እንድትሞላ ነገራት። እሺ አለች። ነገሩ ግን ከነከናት። ያልታወቀ ነገር ሰኞ ተመልሶ ላለመምጣቱ ምን ዋስትና አላት?

ብርሃኑን ለካች፤ ደህና ነው። ብልቃጦቹ የታጠቡበትን ሳሙና ጠረጠረች፤ እሱም ነፃ ወጣ። ውሃው ብቻ ቀረ። መጋዘን ውስጥ ከሦስት ሳምንት በፊት የተጣራ፣ ክዳኑ ያልተከፈተ አንድ ጀሪካን አገኘች። ሦስት ብልቃጥ በዚያ፣ ሦስት ብልቃጥ በአሁኑ ውሃ ሞልታ፣ ከአንድ ዘር ዘርታ መስኮቱ ሥር ደረደረቻቸው። በአራተኛው ቀን የድሮው ውሃ አረንጓዴ ሆኖ ደፈረሰ። አዲሱ እንደ መስተዋት ጠርቶ ቀረ።

ደስታዋ ብዙም አልቆየም። የውሃ ማጣሪያው የዛሬ ሁለት ሳምንት ተበላሽቶ ነበር፤ የጠገኑትም አጎቷ ናቸው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደጓት፣ ከኪሳቸው ብሎን ስለማይጠፋ ሁሉም ሰው “ብሎን” የሚላቸው የመሥሪያ ቤቱ ጥገና ሠራተኛ። ወሩ ሲያልቅ ጡረታ ይወጣሉ።

አስጠራቻቸው። ከለመለመው ብልቃጥ ጠብታ ወስዳ ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠቻቸው።

“ይሄዳሉ እንዴ?” አሉ አጎቷ።

“ጭራ አላቸው፣ ጋሼ። ይዋኛሉ።”

ሌላውን ብልቃጥ አሳየቻቸው። እዚያ የሚንቀሳቀስ አልነበረም።

“እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እናንተ ዘንድ ግን የጠራው ነው የሞተው” ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። “ውሃው ከየት ነው?”

“ከማጣሪያው። እርስዎ ከጠገኑት በኋላ።”

ተነሥተው ወደ ማጣሪያው ሄዱ። የመስተዋት ቱቦው ተሰንጥቆ፣ መለዋወጫ ጠፍቶ፣ በመዳብ ቧንቧ ተክተውት ነበር። ስንት ቤት የዘረጉት፣ ሰው በየቀኑ የሚጠጣበት ቧንቧ መሆኑን ተናገሩ። እሷም ሰውን እንደማይጎዳ፣ አልጌዎቹን ግን ጉበትም ኩላሊትም ስለሌላቸው ጥቂት መዳብ እንደምትገድላቸው አስረዳቻቸው። እሳቸው ቧንቧውን ፈትተው ውስጡን ወደ ብርሃን አዞሩት።

“ነይ እዪው። ሁለት ሳምንት ውሃ የሄደበት መዳብ ውስጡ መጥቆር ነበረበት። ይኼ ያበራል። ውሃችሁ ልሶታል።”

ይህን አታውቅም ነበር። የተጣራ ውሃ ባዶ ስለሆነ ያገኘውን እንደሚያሟሟ በመጽሐፍ አንብባለች፤ የተላሰ ቧንቧ ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም። ጣቷን ውስጡ ሰዳ ዳሰሰችው።

“ቅጹን ምክንያቱ ያልታወቀ ብለሽ ሙዪ ተብያለሁ” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ቧንቧውን ቀይረን ዝም ብንል ማንም አይጠይቅም።”

ቧንቧውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

“እኔስ እሄዳለሁ። በእኔ ቦታ የሚመጣው ግን ቱቦው ሲሰበር የሚያነሣው መዳብ ነው። ጻፊው፣ ልጄ።”

ይህን ብለው ተመልሰው ወደ ማይክሮስኮፑ ጎንበስ አሉ፤ ጭራ ያላቸውን ሊያዩ።

ቅጹን ሳበች። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ “የመዳብ ቧንቧ” ብላ ጻፈች። ከሥሩ “ምክንያቱን የደረሰበት ሠራተኛ ስም” የሚል መስመር ነበረ። ብዕሯ ጥቂት ቆመ። የአጎቷን ስም ከነአባታቸው አስቀድማ፣ የራሷን ከጎኑ አስከተለች።