ደህናው ክንድ

ስንዱ «ግራ» ብላ ልትጽፍ ስትል ራጁን አየችና ጣቷ አየር ላይ ቀረ። ካርዱ የግራ የላይኛው ክንድ ስብራት ይላል። ራጁም የግራ ክንድ ነው። አጥንቱ ግን ከትከሻ እስከ ክርን ደህና ነው፤ ጭረት እንኳ የለበትም።

የስንዱ ሥራ ሐኪሞች ካርድ ላይ የጻፉትን በሽታ ወደ ኮድ መለወጥ ነው። ከሁሉም የክንድ ስብራት ነገረኛ ነው። ቀኝ ነው ግራ፣ ከላይ ነው ከመሐል፣ አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ወጥቷል አልወጣም፤ ይህን ሁሉ ካልነገሩት ኮምፒውተሩ እሺ አይልም። ታዲያ ያልተሰበረ ስብራት ምን ተብሎ ይጻፍ?

ለዶክተር አንዱዓለም ደወለች። ድንገተኛ ክፍል ከጠዋት ጀምሮ ሰው በሰው ላይ ሆኖበታል፤ ድምፁም ያስታውቃል። ራጁን ሁለቴ እንዳስነሣ፣ ሁለቱም ንጹሕ እንደሆኑ፣ ጤና ጣቢያው የልጅቱን ክንድ ታስሮ ስላየው ብቻ ስብራት ብሎ እንደላካት ነገራት።

«ወለምታ ብለሽ ዝጊው። እናትና ልጅ ወደ ኮሶዬ የሚመልሳቸው መኪና ሳያመልጣቸው ይሂዱ» አለና ስልኩን ዘጋው።

መዝጋት ትችል ነበር። ማን ይጠይቃታል? ግን ነርሷ ከካርዱ ግርጌ «ሕመሟ ብርቱ ነው፤ ታለቅሳለች፣ አትናገርም» ብላ ጽፋለች። ለወለምታ እንዲህ ይለቀሳል እንዴ? ስንዱ ነገሩ አልዋጥልሽ አላትና ካርዱን ይዛ ተነሣች።

ደረጃውን ስትወርድ መብራት ሄደ። ኮሪደሩ በቀን ጨለመ። ከድንገተኛ ክፍል በር ትይዩ አግዳሚው ላይ ጥቁር ነጠላ የደረበች ሴት ተቀምጣለች። ታማሚ አትመስል፣ አስታማሚ አትመስል። በተከፈተው በር አሻግራ አንድ አልጋ ታያለች፤ ስንዱ በፊቷ ስታልፍ እንኳ ዓይኗን አላነሣችም።

አልጋው ላይ የካርዱ ባለቤት አበቡ ተቀምጣለች፤ ገና አፍላ ወጣት ናት። ጋቢዋን እስከ አንገቷ ተከናንባለች፤ የግራ ክንዷ ብቻ በቀርከሃና በጨርቅ ተጠፍሮ ወጥቷል። እናቷ ወይዘሮ ካሰች ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ቆመዋል።

ስንዱ ሰላም ብላ እጇን ዘረጋች። ክንዱ የታሰረ ሰው ደህናውን እጁን ይሰጣል። አበቡ ግን የታሰረውን ሰጠቻት። ከጨርቁ ጫፍ የወጡት ጣቶች ሞቃትና ብርቱ ነበሩ፤ እጇን ጥብቅ አድርገው ጨበጧት። በቀኝ በኩል ጋቢው ንቅንቅ አላለም።

ስንዱ የማይነቃነቀውን ጋቢ አየች። ድንገት ታናሽ ወንድሟ ኪዳነወልድ ትዝ አላት። ፊደል እስኪቆጥር ድረስ እናታቸው ቀሚስ አልብሳ፣ ሹሩባ ሠርታ በሴት ስም ትጠራው ነበር። ወንድ ልጅ የሚፈልገው ነገር ቤታቸውን ሲያይ ሴት ብቻ አይቶ እንዲያልፍ ነበር። ስንዱም ያኔ «እህቴ» ማለትን ለምዳ ነበር።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እናቴ፣ ከጋቢው ሥር ያለውን ያሳዩኝ» አለች።

ወይዘሮ ካሰች ወደ በሩ ገልመጥ አሉና ጋቢውን ከፈት አደረጉላት። የቀኙ ክንድ አብጦ ከመሐሉ ጎብጧል። ጣቶቹ ጠቁረዋል፤ ስትነካቸው እንደ ጠዋት ድንጋይ ይቀዘቅዛሉ። አንሻቸው ብትላትም አልነሣ አሏት። ልጅቱ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ እናቷን ታያለች።

«ሦስት ልጅ ቀብሬአለሁ» አሉ ወይዘሮ ካሰች። «ሁሉም ሸጋ ሸጋ ነበሩ፤ የሰው ዓይን በላቸው። ይቺ ከድንጋይ አጥር ስትወድቅ ደህናውን አሰርኩት። የሚከተላት እሱን አይቶ ይለፍ ብዬ።»

«ለሐኪሙስ ምነው አልነገሩት?»

«ራጅ ሁሉን ያያል አሉኝ። ሰው የተሰበረውን አፉን ከፍቶ ሳይጠራው፣ ማሽኑ ራሱ ያገኘዋል ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ማሽን የሚያየው ከፊቱ ያኖሩለትን ብቻ መሆኑን ማን ይንገራቸው!  ስንዱ ልጅቱ እንዲህ ሆና ኮሶዬ ብትመለስ እጇ እንደማይተርፍ፣ እሷም ለሐኪሙ አሁኑኑ መናገር እንዳለባት አስረዳቻቸው። ወይዘሮ ካሰች የስንዱን ክንድ ያዙ።

«በጆሮው ንገሪው፤ ጮክ አትበይ። ውጭ ያለችው ከእኛ ጋር በአንድ መኪና ነው የመጣችው። ማን እንደሆነች አላውቅም። መንገዱን ሙሉ የልጄን ክንድ ስታይ ነበር።»

ስንዱ በጆሮው ነገረችው። ዶክተር አንዱዓለም ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። አልተቆጣም፤ ለመቆጣት ጊዜም አልነበረውም። እዚያው ጋቢው ሥር በቀኙ ክንድ ላይ በቀለም ምልክት አደረገ፤ ካርዱን አስተካክሎ ፈረመበት፤ ኦፕራሲዮን ክፍል አስደወለ። የግራውን እስር ሊፈታ ሲል ግን እናትየው ሊያለቅሱ ደረሱ። ስንዱ ቀስ ብላ «እስከ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ይቆይላቸው» አለችው። ትከሻውን ሰበቀና ተወው። አበቡ ደህና ክንዷ እንደታሰረ፣ የተሰበረው እንደተሸፈነ፣ በኮሪደሩ እየተገፋች ሄደች።

ስንዱ ካርዱን ይዛ ወደ ደረጃው ስትመለስ ጥቁር ነጠላ የደረበችው ሴት አሁንም አግዳሚው ላይ ነበረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«የኔ ልጅ» አለች በለሰለሰ ድምፅ፣ «የትኛው ክንዷ ነው?»

ስንዱ ቀኑን ሙሉ ሐኪሞችን የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። ሴትዮዋ ለልጅቱ አዝና ይሆናል፤ በሽተኛ አይቶ ምን ነካው የማይል ሰው የት አለ? ስንዱ ተምራለች፤ ዓይን ምናምን አታምንም። በእጇ የያዘችው ካርድ «ቀኝ» ይላል፤ ቀለሙም ገና አልደረቀም።

«ግራው ነው» አለች።

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀችና ዓይኗን ካርዱን ወደያዘው የስንዱ እጅ አወረደች። ስንዱ ቀኝ እጇን ከነካርዱ ጋዋኗ ሥር ከተተችና ደረጃውን መውጣት ጀመረች።